ነጩ ገጽ ላይ የቀረው ቀን

ጥፋተኛው መኳንንት ነው። ይህን አስቀድሜ ልጻፈውና ልገላገል። የታናሽ ወንድምህ ልጅ መኳንንት፣ በትከሻህ ተሸክመህ ገበያ ትወስደው የነበረው፣ ዛሬ ደባርቅ ላይ መምህር የሆነው፣ ሰው ሁሉ «የአጎቱን ስም ያስጠራ» እያለ የሚመርቀው። እኔ አልመርቀውም። ልጃችን እናኑ ፊቷን ካንተ ያዞረችው በእሱ ምክንያት ነው።

አበጀ፣ ጌታዬ፣ እንዴት ከርመሃል? ከተለያየን አራተኛው ክረምት ገብቷል። የደባርቅን ክረምት ታውቀዋለህ፤ ጉሙ ከበሩ ላይ ቆሞ አልገባም አልወጣም ይላል። ይህን የምጽፍልህ በገዛ እጄ ነው። ሳቅ ብትል አይገርመኝም። አንተ በነበርክበት ዘመን ፊደል አልለይም ነበር፤ ዳዊት ገልብጬ ብይዝ እንኳ አንተ ነበርክ የምታቃናልኝ። ዛሬ እጽፋለሁ። የተማርኩት ካንተ በኋላ ነው፤ የተማርኩትም አንድ መጽሐፍ ለማንበብ ብዬ ነው። መጽሐፉ ደግሞ ያንተ ነው። አዎ፣ መጽሐፍ አለህ። ስትሞት አልነበረህም፤ አሁን አለህ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ከጓሮ የነበረው ባሕር ዛፍ ተቆርጧል፤ ነፋሱ እያወዛወዘ ጣሪያው ላይ ሊጥለው ስለሆነ አስቆረጥኩት። ከዚያ ወዲህ ነፋሱ ቀጥ ብሎ ቤት ይገባል። በቅሎዋን ሸጥኳት፤ የሚጋልባት ሰው ሳይኖር ስታየኝ ማየት አልቻልኩም። ሽምግልና ትቀመጥባቸው የነበሩት የፊት ለፊቱ ክፍል መደቦች ግን እንዳሉ ናቸው። አንዱ የከሳሽ፣ አንዱ የተከሳሽ፣ መካከል ያለው ያንተ። ድንችና ነጭ ሽንኩርት አሰጣባቸዋለሁ።

ሰው ሲሞት ቤቱ ይቀዘቅዛል ሲሉ ለቅሶውን የሚሉ ይመስለኝ ነበር። የእኛን ቤት ሲያሞቀው የኖረው የሰው ጠብ ኖሯል። ድንበር የተገፋበት፣ በሬ የጠፋበት፣ ወንድሙን ያኮረፈ፣ ሚስቱ የኮበለለችበት፣ ሁሉም እኛ ቤት ነበር የሚውለው። እኔ ደግሞ ሳማርር እኖር ነበር። «ይህ ሁሉ ሰው የሚጣላው የኔን ጠላ ለመጨረስ ነው እንዴ?» ስልህ ትስቃለህ። አሁን በዚህ በር የሚገባ የለም። ሰው ታርቆ አይደለም፤ ሌላ ቤት አግኝቶ ነው። ጠላ መጥመቅም ትቻለሁ፤ ለማን ብዬ?

ከሁሉ የሚናፍቀኝ ሰው ከተሸኘ በኋላ ያለው ነው። እኔ ዋንጫ ስሰበስብ አንተ እግርህን ዘርግተህ «እህ የሺ፣ ምን ሰማሽ?» ትለኝ ነበር። እኔ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ስለምውል ፊት አላይም፤ ድምፅ ግን እሰማለሁ። «ሰውዬው ስለ በሬው ሲያወራ ይጮሃል፤ ስለ ልጁ ሲያነሳ ድምፁ ይወርዳል። ጠቡ የበሬ አይደለም» እልሃለሁ። በማግሥቱ ስለ ልጁ ትጠይቀዋለህ። ከዚያ እንባ፣ ከዚያ ዕርቅ። ሰው «አበጀ እኮ ልብ ያነባል» ሲልህ እኔ ጓዳ ሆኜ እስቅ ነበር። ስሜን እንዲያነሱልኝ ፈልጌ አልነበረም። «ምን ሰማሽ?» የሚለኝ ሰው መኖሩ ይበቃኝ ነበር። አሁን የምሰማውም ነፋስ ብቻ ነው፤ ብሰማም የሚጠይቀኝ የለም።

ወደ መጽሐፉ ልመለስ። ካረፍክ በሁለተኛው ዓመት መኳንንት መጣና «አክስቴ፣ የአጎቴ አነጋገር ሜዳ ላይ መቅረት የለበትም» አለኝ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽህም። ስልኩን ይዞ ደባርቅን፣ ዳባትን፣ አምባ ጊዮርጊስን አዳረሰ፤ እስከ ዛሪማ ወረደ። ካንተ ጋር ሽምግልና የተቀመጡትን ወንዶች ሁሉ «አበጀ ምን ይል ነበር?» እያለ ጠየቀ። እኔን የጠየቀኝ ፎቶግራፍህን ነው። ያንን በጥምቀት የተነሳኸውን፣ ፀሐይ ዓይንህ ገብቶ የተኮሳተርክበትን ሰጠሁት። አሁን የመጽሐፉ ሽፋን ላይ ሆነህ የምትፈላሰፍ ትመስላለህ።

መጽሐፉ የተመረቀ ዕለት አዳራሽ ጠርተው ከፊት አስቀመጡኝ። ተማሪዎች መድረክ ላይ እየወጡ አንድ አንድ መስመር ያነባሉ፤ ሰው ያጨበጭባል። እኔ ግን መስመሩ ሲነበብ የሚመጣብኝ ቀኑ ነው። ይቺ የእነዚያ ወንድማማቾች ቀን ናት፤ ንፍሮ ነበር ያቀረብኩት። ይቺኛዋ ደግሞ በረዶ የወረደ ዕለት ናት፤ ከሳሹ ጣሪያው እንዳይፈርስበት ሮጦ ሄዶ ተመልሶ መጥቷል። እንዲህ እያልኩ ስቆጥር አጠገቤ የነበረችው ሴት «ከንፈርሽ ይንቀሳቀሳል፤ ትጸልያለሽ እንዴ?» አለችኝ።

ቤት ገብቼ መጽሐፉን ገለጥኩት። ማንበብ ባልችልም አንድ ነገር አየሁ። በየገጹ መካከል አንድ መስመር ብቻ ተቀምጧል። ላዩም ነጭ፣ ታቹም ነጭ። መኳንንትን «ይህ ሁሉ ወረቀት ለምን ባዶ ቀረ?» ብዬ ብጠይቀው «ጥቅስ እንዲህ ነው የሚቀመጠው አክስቴ፤ አየር ይፈልጋል» አለኝ።

ፊደል ለመቁጠር የተነሳሁት ያኔ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለትልልቅ ሴቶች የሚያስተምሩበት ክፍል ገባሁ። ወንበሩ የሕፃናት ስለሆነ ጉልበቴ ከጠረጴዛው በላይ ይወጣል። መምህርቷ የልጅ ልጄን ታክላለች፤ «እማማ፣ እጅዎን አያጥብቁት፤ እርሳሱ የትም አይሄድም» ትለኛለች። ፊደሉን እንደጨረስኩ መጽሐፍህን በቀን አንድ ገጽ ማንበብ ያዝኩ። አንዳንዷ መስመር ድምፅህን ይዛ ትመጣለች። ስለ ድንበር የተናገርካትን ሳነብ ጉሮሮህን ስትጠርግ የሰማሁ መሰለኝና ዞር አልኩ። ባዶ መደብ ነው። እና አጭር ቃልን ሁሉ አልጠላም። ሰው ሲሞት ተሸክመኸው ለመሄድ የሚቀልህ እሱ ነው። እኔም ተሸክሜዋለሁ። ችግሩ የቀረውን ማንም ያልተሸከመው መሆኑ ነው።

አንድ የገበያ ቀን እናኑ ከዳባት መጣች። «ነጭ ሽንኩርት ልገዛ ነው» አለችኝ። ነጠላዋን ከፊቷ አላነሳም አለች። ስታነሳው ለሽንኩርት አለመምጣቷን አየሁ። ደሳለኝ ነው፤ አንተ መርቀህ የዳርክለት ባሏ፣ የእህል ነጋዴው ደሳለኝ። ከዚያ በፊትም እጁን አንስቶባት ያውቅ ነበር፤ ደብቃኛለች። «አትመለሺም። ቤቱ የአባትሽ ነው፤ እዚህ ትኖሪያለሽ» አልኳት። ከጥቂት ቀን በኋላ ሊመልሷት ሽማግሌዎች መጡ። ከፊት የገባው ጫኔ ነው፤ ዕድሜህን ሙሉ ካንተ ጋር ሽምግልና የተቀመጠው አያ ጫኔ። ሄዶ ካንተ መደብ ላይ ተቀመጠ። ከካፖርቱ ኪስ መጽሐፍህን አወጣ። እኔ እዚያ ገጽ ላይ ገና አልደረስኩም ነበር። «ልጄ እናኑ፣ እኛ የምንልሽ የለንም፤ የሚልሽ አባትሽ ነው» አለና አነበበ፦

«ቤቷን ጥላ የወጣች ሴት ትመለስ እንጂ አትክሰስ።»

እናኑ «አባዬ ነው ያለው?» አለች። «በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ እዚሁ ቤት፣ እዚሁ መደብ ላይ» አላት። አልዋሸም። እኔም ሰምቼዋለሁ። ከጓዳ ወጥቼ «ኧረ ቆዩ፣ ነገሩ እንዲያ አይደለም» ብል፣ አንደኛው ሽማግሌ «ወይዘሮ የሺ፣ እርስዎ ጓዳ ነበሩ እኮ፤ ከሽምግልናው የተቀመጠው ጫኔ ነው» አለኝ። እናኑ ሌላ ነገር አልጠየቀችም። ልጅህን ታውቃታለህ፤ አንተ ተናግረህ እሷ ዳግመኛ ጠይቃ አታውቅም። ጫማዋን አደረገች። ሚኒባሱ ድረስ ሸኘኋት፤ ወደ ዳባት መታጠፊያው ላይ እስኪሰወር ቆሜ አየሁት። ነጭ ሽንኩርት ይዛ ነው የሄደች። መግዛት ነበረባት፤ ለዚያ መጣሁ ብላለችና።

መኳንንትን የምከሰው እዚህ ላይ ነው። ጫኔ የሰማውን ተናገረ፤ የሰማው ያንን ያህል ነበር። መኳንንት ግን የተማረ ሰው ሆኖ «ከዚያስ?» ብሎ አልጠየቀም። ስለዚህ እሱ ያልጠየቀውን ቀን እኔ እጽፈዋለሁ። አንተ ታውቀዋለህ፤ ግን ይህን የምታነበው አንተ ብቻ አይደለህም።

ሰኔ ነበር፤ ጉሙ ገና መውረድ ጀምሯል። ከበየዳ በኩል አንድ ሰው መጣ። ሚስቱ ሸሽታው ደባርቅ ካሉ ዘመዶቿ ዘንድ ገብታለች። አንተ አስቀድመህ ሴትዮዋን አስጠርተህ ከእኔ ጋር ጓዳ አስቀመጥካት። ሰውዬው ዱላውን እንደጨበጠ ገባ። ተቀመጥ ቢሉት አሻፈረኝ አለ። «ሽማግሌ ሁሉ የሴት ወገን ሆኗል! ደግሞ ከስሳ ንብረት ልታካፍለኝ!» እያለ ቆሞ ይጮሃል። እሱ ካልተቀመጠ ነገሩ እንደማይጀመር ታውቃለህ። የእኛ አገር ሽምግልና ወጉ እንዲህ ነው፤ የተቆጣውን ሰው መጀመሪያ አብረኸው ትቆጣለታለህ፤ ቁጣውን ስትካፈለው ቀለል ይለውና ይቀመጣል። መደቡን በመዳፍህ መታ አደረግክና ድምፅህን ከፍ አድርገህ «ቤቷን ጥላ የወጣች ሴት ትመለስ እንጂ አትክሰስ!» አልክ።

ሰውዬው ተቀመጠ።

የቃሉ ሥራ ይኸው ብቻ ነበር። ለዚያ ሰው መቀመጫ የተሰጠ በርጩማ ነበር። ዛሬ ሰው በርጩማውን አንስቶ «አበጀ ማለት ይህ ነው» ይላል።

ጓዳ ያለችው ሴት ክንዴን ጨመደደችው። ጥፍሯ ገብቶ ደም አወጣ። «ሸጠኝ፤ ሽማግሌው ሸጠኝ» እያለች በጓሮ በር ልትሮጥ ተነሳች። ነጠላዋን ይዤ አስቀመጥኳትና «ቆዪ እቴ፣ ገና አልጀመረም» አልኳት።

በዚህ መካከል ነው ጫኔን የጠሩት። ከታች ሰፈር ሰው ሞቶ ኖሮ ለቀብሩ ተነስቶ ሄደ። ከቀብር የሚቀር የለም፤ አልፈርድበትም። እሱ ከዚህ ቤት ይዞት የወጣው በርጩማውን ነው።

ከዚያ ጀመርክ። በገዛ እጅህ ጠላ ቀዳህለት። «በል ወንድሜ፣ አሁን ከጧት ጀምረህ ንገረኝ» አልከው። «ከየትኛው ጧት?» አለ። «ከወጣችበት ቀን ጧት። ስትነሳ መጀመሪያ ምን አየህ?» ሰውዬው ቸኩሎ ወደ ማታው ሊዘል ይላል፤ አንተ ትመልሰዋለህ። «ቆይ እንጂ፤ ከብቱ መቼ ወጣና!» ሰዎቹ ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። ከብቱን አወጣ። ቁርስ ጠየቀ። ሚስቱ ትኩሳት ይዟት ስታቃስት ማደሯን የተናገረው ራሱ ነው፤ ማንም አልጠየቀውም። ሊያርስ ወጣ። ማረሻው ከድንጋይ ገጥሞ ተሰበረ። ተበሳጭቶ ተመለሰ። ተኝታለች። «ከዚያስ?» አልከው፤ ቀስ ብለህ፣ ስለ ዝናብ እንደሚጠይቅ ሰው። «ከዚያማ…» አለና ቀኝ እጁን ገልብጦ አየ። ያን ዕለት ግን በመጋረጃው ስንጥቅ አየሁት። መዳፉን እንደ ሌላ ሰው መዳፍ ነበር የሚያየው። ዱላውን በእግሩ ወደ መደቡ ሥር ገፋው። ከእኔ ጋር ያለችው ሴት ክንዴን ለቀቀች።

ያቺ ሴት አልተመለሰችም። ከሰሰችም። መሬቱንም ከብቱንም አካፍለህ ሰጠሃት፤ እሱም እሺ ብሎ እጅህን ስሞ ሄደ። «ትመለስ እንጂ አትክሰስ» ያለው አበጀ፣ በዚያው ቀን ከሳሿን ሳትመለስ አካፍሎ የሸኘ አበጀ ነው። መጽሐፉ ውስጥ የመጀመሪያው አለ። ሁለተኛው ነጩ ወረቀት ላይ ቀርቷል።

እናኑን መልሼ ያየኋት ዳባት ጤና ጣቢያ አልጋ ላይ ነው። ግራ እጇ ታስሯል። ሽማግሌ እንደገና ተሰበሰበ፤ በዚህ ጊዜ በደሳለኝ አባት ግቢ። ለእኔ ከሴቶቹ ጋር ከጓሮ በኩል ወንበር አዘጋጅተውልኛል። አልሄድኩም። ከፊት፣ ከጫኔ አጠገብ ባዶ ቦታ ነበር፤ እዚያ ተቀመጥኩ። አንዱ «ወይዘሮ የሺ፣ ይህ እንኳ የወንዶች…» ብሎ ጀመረና ፊቴን ሲያይ ተወው። ጫኔ እጁን ወደ ካፖርቱ ኪስ ሲሰድ «አያ ጫኔ፣ እሱ ይቆየን፤ አበጀ ገና አልጀመረም» አልኩት። ወደ ደሳለኝ ዞርኩ። አንተ ጠላ ትቀዳ ነበር። እኔ አልቀዳሁለትም፤ ቢኖረኝም አልቀዳለትም።

«በል ደሳለኝ፣ ከጧት ጀምረህ ንገረን» አልኩት።

ሳቀ። «ምኑን ልንገርዎ እማማ?» አለ። «ስትነሳ መጀመሪያ ያየኸውን» አልኩት። እንደዚያኛው ሰውዬ ወደ ማታው ሊዘል ሲል መለስኩት። መጋዘኑን ከፈተ። ሚዛኑን አወጣ። ገበሬዎች ገብስ ይዘው መጡ። ምሳ ቀረበ። ወጡ ቀዝቅዞ ነበር። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ድምፁን አዳመጥኩ፤ ሌላ የማውቀው ዘዴ የለኝም። ስለ ሚዛኑ ሲያወራ ድምፁ ከፍ ይላል፤ ምሳው ላይ ሲደርስ ይፈጥናል። «ምሳው ላይ ቀስ በል» አልኩት። «ከዚያማ…» አለ። እጁን አላየም። የበየዳው ሰው ከእሱ ይሻላል። መሬቱን ነው ያየው። የገዛ አባቱ «በቃ፤ ሰማን» ብሎ ተነሳ።

ያኔ ጫኔ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «አበጀ ያን ቃል የተናገረ ዕለት እኔ ቀብር ሄጄ ነበር። ከዚያ ምን ሆነ?» አለኝ። ከእነዚያ ወንዶች ሁሉ እኔን የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው። ሁሉም እየሰሙ ነገርኩት። መጽሐፉ ከኪሱ ሳይወጣ ቀረ። እናኑ ድርሻዋን ይዛ ከዚያ ግቢ ወጣች።

ረትቼ የተመለስኩ መስሎህ እንዳትደሰት። ልጅህ ከእኔም ጋር አልቀረችም። ጎንደር ሥራ ይዛለች። ያቺን መስመር የደባርቅና የዳባት ሚኒባሶች ከሹፌሩ ራስ በላይ ለጥፈዋታል፤ ሴት ተሳፋሪ ልትወርድ ስትነሳ ረዳቱ «ጥላ የወጣች ትመለስ!» እያለ ይቀልድባታል። እናኑ ይህን በየቀኑ መስማት አልቻለችም። እሑድ እሑድ ትደውላለች። ስለ ብርዱና ስለ ጉልበቴ ትጠይቀኛለች፤ ስላንተ ግን አትጠይቅም። ፎቶግራፍህን ልላክልሽ ብላት «እዚያው ይቀመጥ» አለችኝ። አንድ ቀን «እማዬ፣ ዳባት ላይ የተናገርሽውን ሁሉ ሰምቻለሁ፤ አምኜሻለሁም። ስተኛ ግን ትዝ የምትለኝ ያቺ አንዷ መስመር ናት። ቀሪውን ልደግመው ብሞክር ያመልጠኛል» አለችኝ። እኔም እንደዚያው ነኝ።

ለዚህ ባንተም እበሳጫለሁ። ምነው ያን ዕለት ቃሉን እንዲያ አሳምረህ ባልተናገርከው? ትንሽ ጎርበጥ ያለ ቢሆን ይረሳ ነበር። ለአንድ ሰው መቀመጫ የሚሆነውን ዘመን እንዲሻገር አድርገህ ጠረብከው። ለሰው ሁሉ እንዲህ የሚያምር ቃል ነበረህ፤ ከእኔ ጋር ስንሆን ግን «ምን ሰማሽ?» ብለህ ዝም ነው። የቀረኝም እሷው ናት፤ መጽሐፉ ውስጥ የለችም።

ያለፈው ዓመት ሙት ዓመትህ ላይ እናኑ መጥታ ነበር። ጸሎቱ አልቆ ሰው ሲቀመጥ መኳንንት ተነስቶ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አነበበው። ያቺ ገጽ ስትደርስ እኔ ጓዳ ሆኜ ጸበል ጻዲቅ እየቆረስኩ ነው። ሰው አጨበጨበ። ስወጣ የእናኑ ቦታ ባዶ ነው፤ ምግቧን እንኳ አልነካችውም። በዚያው ወደ ጎንደር ሄዳለች።

ባለፈው ወር መኳንንት መጣ። መጽሐፉ አልቆ እንደገና ሊያሳትመው ነው፤ ፈቃዴን ፈለገ። የሰኔውን ቀን ከጧት ጀምሬ ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና «አክስቴ፣ ይህ እኮ ታሪክ ነው፤ ጥቅስ አይደለም። ዛሬ ረጅሙን ማን ያነበዋል? የሥነ ጽሑፍ ቁንጮው አጭር ቃል ነው፤ ሌላው ገለባው ነው» አለኝ። ፊደል የቆጠርኩት ትናንት ነው፤ ስለ ሥነ ጽሑፍ ከመምህር ጋር የምከራከር ሰው አይደለሁም። ግን ልጅ ሆነህ ቅኔ ቤት ሳለህ ያየኸውን ነግረኸኛል። ከቅኔ ሁሉ አጭሩ ጉባኤ ቃና ነው፣ ሁለት ቤት ብቻ፤ ተማሪው ሁለቱን ቤት ካሰማ በኋላ ግን የኔታ እስኪመሽ ተቀምጠው ከበስተኋላው ያለውን ታሪክ ይዘረዝሩለት ነበር። ታሪኩን ሳይሰማ ሁለቱን ቤት ሸምድዶ የሄደውን ጓደኞቹ ይስቁበት ነበር። ይህንኑ ለመኳንንት ነገርኩት። «አጭሩ ቃል የኔታ ያስፈልገዋል። ያንተ መጽሐፍ ውስጥ ግን የኔታ የለም። አንባቢው ነጩ ቦታ ላይ ልቡ የፈለገውን ይጽፍበታል። ጫኔ ጻፈበት፤ ደሳለኝ ጻፈበት፤ የሚኒባስ ረዳት ሳይቀር ጻፈበት» አልኩት።

መስመሯን አውጣት አላልኩትም። የተባለ ተብሏል፤ አንተ ብለኸዋል። ከሥሯ ባለው ነጭ ቦታ ያ ቀን ሙሉውን ይጻፍ ነው ያልኩት። «ገጹ አይበቃም» አለ። «ወረቀት ጨምርበት» አልኩት። «የመጽሐፉ መልክ ይበላሻል» አለ። «የእናኑስ መልክ?» አልኩት። አቀርቅሮ ወጣ። እስካሁን አልመለሰልኝም። አንተን እንደሚወድህ አውቃለሁ። ይበልጥ የሚያናድደኝ ይኸው ነው።

እሱ እስኪመልስልኝ አልጠብቅም። ለዚህ ነው ደብዳቤዬን ሳላሽገው፣ ሰው ሁሉ እንዲያነበው የምልከው። ያ መጽሐፍ በቤቱ ያለው ሰው ካለ፣ ይህን ወረቀት እጥፍ አድርጎ እዚያ ገጽ መካከል ያስቀምጥልኝ።

ሙት ዓመትህ ደርሷል። እናኑ «ያቺ መስመር ብቻዋን የማትነበብ ከሆነ እመጣለሁ» ብላኛለች። ቃል ሰጥቻታለሁ። ድንቹንና ሽንኩርቱን ከመደቦቹ ላይ አንስቻለሁ። ሰው ሲሰበሰብ መካከል ባለው፣ ባንተ ቦታ እቀመጣለሁ። መኳንንት መጽሐፉን ሲገልጥ «ቆይ ልጄ፣ ገና አልጀመረም» እለዋለሁ፤ ከዚያ ከጧት እጀምራለሁ። ሰኔውን ብቻ አይደለም። ስትነሳ ጫማህን ከአልጋው ሥር በእግርህ ስትፈልግ፣ ጉሙን አይተህ «ዛሬም ሰው አይቀርም» ስትል፣ ዳቦውን ቆርሰህ ትልቁን ወደ እኔ ስትገፋ፣ ሁሉን በየተራው እናገራለሁ። የሚቸኩል ሰው ካለ ይሂድ፤ ቀብር ያለበትም ይሂድ። እናኑ ግን እስከ መጨረሻው እንድትቀመጥ አደርጋለሁ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ የማስታውስህ እንዲህ ነው፤ ከጧት እስከ ማታ፣ ምንም ሳልዘል።

የጓዳውን መጋረጃ አውርጄ አጥቤዋለሁ። ደርቋል፤ አጣጥፌ ሳጥን ውስጥ ከትቼዋለሁ። ከእንግዲህ አልሰቅለውም።

የሺ